ያረጀውን የቤዝ ጊታር ፍሬት ቦርድ ስለ ማጽዳትና ስለ መጠበቅ



በብዙ የወጣት መዘምራን ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታሩ አንድ ነው፤ የሚይዙት እጆች ግን ብዙ ናቸው። አንዱ በልምምድ ቀን ይጫወትበታል፤ ሌላው በፕሮግራም ቀን ይረከበዋል፤ ጀማሪው ደግሞ ሰው በሌለበት ሰዓት ይለማመድበታል። የሚጫወትበት ሁሉ ይታወቃል፤ የሚያጸዳው ግን አይታወቅም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጣት የሚያርፍበት እንጨት ይጠቁራል፤ በላዩ የተተከሉት ብረቶች ይቦረቦራሉ፤ አንዳንዱ ድምፅም ዝዝ ማለት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ አንድ ትጉህ ወንድም ወይም አንዲት ትጉህ እኅት ተነሥተው «ለበዓሉ አዲስ እናስመስለው» በማለት ብርጭቆ ወረቀትና የወጥ ዘይት ይዘው ይቀርባሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው። ነገር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ላብና አቧራ በዐሥር ዓመት ካደረሱት ሊበልጥ ይችላል። እኛም ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው በተለይ ስለ እነዚህ ትጉሃን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ይኸውም መቆሸሽ፣ መድረቅና መበላት ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቆሻሻ ይጠረጋል። ደረቅነት በጥቂቱ ይታከማል። የተበላ ግን በጽዳት አይመለስም፤ የተበላ ጎማ ቢያጥቡት ጥርስ እንደማያወጣ ሁሉ ማለት ነው። ሦስቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ለአንዱ የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል፤ መሣሪያውም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

፩. ፍሬት ቦርድ ምንድን ነው?

ፍሬት ቦርድ የምንለው በጊታሩ አንገት ፊት ለፊት፣ ከክሮቹ ሥር ተዘርግቶ የሚገኘውን፣ ጣታችን ክሩን የሚጫንበትን እንጨት ነው። በላዩ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። በአንገቱ ጫፍ፣ በመቃኛዎቹ በኩል፣ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ስርጉድ ቁራጭ ደግሞ ናት ይባላል። በሌላው ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት ድልድይ ነው።

የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር በሰፊው ሊታወቅ የቻለው ሊዮ ፌንደር የተባለው የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ቤዝ ተጫዋቾች በብዛት ይጠቀሙበት የነበረው ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስ ፍሬት የለውም፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኙት በጆሮና በረጅም ልምምድ ነበር። «ፕሪሲዥን» የሚለው ቃል ትክክለኛነት ማለት ነው፤ ስሙ የተሰጠውም ፍሬቶቹ ድምፁን በቦታው ስለሚያስቀምጡለት ነው። መሣሪያው 20 ፍሬቶች ነበሩት፤ የክሩ ርዝመት ከናት እስከ ድልድይ 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬም አብዛኞቹ ቤዝ ጊታሮች ይህንኑ ርዝመት ይከተላሉ።

የፍሬቶቹ ቦታ በግምት የተመረጠ አይደለም። በዚህ ርዝመት የመጀመሪያው ፍሬት ከናት 4.85 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ በክሩ ልክ እኩሌታ ላይ ይውላል። እያንዳንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ ጋር እኩል ከፍታ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ክሩ የማይገባውን ብረት ይነካል። ስለዚህ ፍሬት ቦርድ እንደ ማስመሪያ ያለ መለኪያ ነው ማለት እንችላለን። የቆሸሸ ማስመሪያ ይወለወላል እንጂ አይፋቅም፤ ቢፋቅ ቁጥሩ ይጠፋልና።

፪. አስቀድሞ የእንጨቱን ዓይነት ማወቅ

ማናቸውንም ፈሳሽ ከማንሣታችን በፊት በፊታችን ያለው እንጨት ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በብዛት የሚያጋጥሙን ሦስት ናቸው።

ሀ. ሮዝውድ። ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ እንጨት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሽ አይቀባም፤ ጣት የሚነካው እንጨቱን ራሱን ነው። ፓው ፌሮን የመሳሰሉ ሌሎች ቡናማ እንጨቶችም በጥበቃ ረገድ እንደ እርሱ ይታያሉ።

ለ. ዞጲ። ጥቁር፣ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ይህም እንደ ሮዝውድ ብዙውን ጊዜ ሳይቀባ ይተዋል።

ሐ. ሜፕል። ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ እንጨት ነው። ላብ ቶሎ ስለሚያቆሽሸው አብዛኛውን ጊዜ በቫርኒሽ ወይም በላከር ተሸፍኖ ይገኛል። እንግዲህ በሜፕል ላይ ጣት የሚነካው ሽፋኑን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ የፌንደር ቤዞች አንገታቸው ከነፍሬት ቦርዱ አንድ ሜፕል ነበር። ፋብሪካው በ1959 በሜፕሉ ላይ የሮዝውድ ፍሬት ቦርድ መለጠፍ ጀመረ። እንደሚነገረው ከምክንያቶቹ አንዱ የሜፕሉ ሽፋን ተበልቶ እንጨቱ ሲጠቁር መሣሪያው በመድረክ ላይ ቆሻሻ መስሎ መታየቱ ነበር። የዛሬው ርዕሳችን ፋብሪካውንም አስጨንቆት ነበር ማለት ነው።

ሮዝውድም ቢሆን እንደ ልብ የሚተካ እንጨት አይደለም። የብራዚል ሮዝውድ ንግድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ተገድቧል። በ2017 መጀመሪያ ላይ የሮዝውድ ወገን የሆኑ ዛፎች ሁሉ በቁጥጥር ሥር ገቡ፤ ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ፈቃዱ የቀለለው በ2019 መጨረሻ ነው። ያረጀ ፍሬት ቦርድ የያዘ ሰው እንግዲህ ዛፉ ለመብቀል ረጅም ዘመን የወሰደበትን እንጨት ይዟል።

፫. ሦስቱን ችግሮች መለየት

መቆሸሽ። ጣታችን በተጫወትን ቁጥር ውሃ፣ ጨው፣ የቆዳ ቅባትና የሞተ ቆዳ ይተዋል። ይህ ከአቧራና ከክሩ ዝገት ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። የሚከማቸው በተለይ በፍሬቶቹ ጥግ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በትንሹ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጠረግ ብናደርገው ጨርቁ ይጠቁራል።

መድረቅ። እንጨት እንደ አየሩ እርጥበት ያብጣል፣ ይኮማተራልም። የሚለዋወጠው በስፋቱ በኩል ነው፤ በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። ብረቱ ግን አይኮማተርለትም። ስለዚህ በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች በበጋ አየሩ ሲደርቅ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጣ ብሎ እጅን ሲቧጭር እናገኘዋለን። ብረቱ አድጎ ሳይሆን እንጨቱ ጠቦ ነው። ሌላው ምልክት የእንጨቱ መገርጣትና ቀዳዳዎቹ ገልጠው መታየታቸው ነው።

መበላት። ፍሬት የሚሠራበት ብረት ብዙውን ጊዜ «ኒኬል ሲልቨር» ይባላል፤ ስሙ ሲልቨር ይበል እንጂ ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅልቅል ነው። የቤዝ ክር ግን በውስጡ ብረት ሲሆን በላዩ የተጠመጠመውም አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል የተቀባ ብረት ወይም የማይዝግ ብረት ነው። ክሩ ከፍሬቱ ይጠነክራል ማለት ነው። ስለሆነም በዓመታት ውስጥ ክሩ በሚያርፍበት ቦታ ፍሬቱ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ብዙ መዝሙሮች በታችኛው ድምፅ ስለሚጫወቱ ቡርቡሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ላይ ይብሳል። በፍሬቶቹ መካከል ያለው እንጨትም በጣት ጫና ሊጎደጉድ ይችላል። በሜፕል ላይ ደግሞ ሽፋኑ ተበልቶ እንጨቱ ውስጥ ድረስ የጠቆረ ቦታ እናያለን።

ልብ እንበል፤ ይህ የመጨረሻው ጥቁረት ላዩ ላይ ያለ ቆሻሻ አይደለም። ጨርቁን አያጠቁርም። በርትቶ የፈተገው ሰው የሚያነሣው እንጨቱን እንጂ ጥቁረቱን አይደለም።

፬. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ስቴኪኒ፣ ያገለገለ የፕላስቲክ ካርድ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ ጥቂት ንጹሕ ውሃና ላልተቀባ እንጨት የሚሆን ጥቂት ዘይት ይበቃል። እጅግ ደቃቅ የሆነው ባለ አራት ዜሮ (0000) የብረት ሱፍ ከተገኘ መልካም ነው። ለድስት መፈተጊያ የሚሸጠው ሻካራ ሽቦ ግን በምንም ምክንያት አይተካውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማስጠንቀቅ ይገባናል። የውጭ አገር መምሪያዎች የከረረ ቅባትን «ናፍታ» በሚባል ፈሳሽ ማስለቀቅን ይመክራሉ። በእኛ አገር ግን ናፍታ የምንለው የከባድ መኪና ነዳጅ ነው። እነርሱ የሚሉት ቶሎ የሚተንን፣ በቤንዚን ላይተር ውስጥ የሚጨመረውን ቀላል ፈሳሽ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ከማደያ ናፍታ የቀዳ ሰው እንጨቱን በማይተንን ቅባትና በሽታ ይሞላዋል። ትክክለኛው የላይተር ፈሳሽ ቢገኝም እንኳ እጅግ ተቀጣጣይ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ሻማም ሆነ ከሰል በሌለበት፣ በጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ተደርጎ ነው የሚሠራበት። በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ሥራ ውሃና ትዕግሥት ይበቃሉ።

አልኮልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ቫርኒሽና ላከርን ስለሚያሟሟ በሜፕል ላይ ባይነካ ይሻላል።

፭. ሥራው በቅደም ተከተል

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ይህን ሥራ በፕሮግራም ዋዜማ አንጀምረው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ፣ ከተቻለም እስከ ማግስቱ የሚቆይ ጊዜ እንመድብለት።

1ኛ. እጃችንን ታጥበን እናድርቅ። ጊታሩን ወፍራም ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አጋድመን አንገቱን ከሥር በተጠቀለለ ፎጣ እንደግፈው።

2ኛ. ከመንካታችን በፊት እንየው። የትኛው ፍሬት ተቦርቡሯል? የትኛው ጫፍ ወጥቷል? በየትኛው ላይ ዝዝ ይላል? በወረቀት እንጻፈው ወይም በስልክ ፎቶ እናንሣው። ካጸዳን በኋላ ያገኘነው ጉዳት ቀድሞ የነበረ ይሁን እኛ ያደረስነው የምናውቀው በዚህ ነው።

3ኛ. ክሮቹን በመቃኛው ጥቂት ጥቂት እያልን በተራ እናላላ። የአራቱ ክሮች ጉተታ ተደምሮ ከ70 ኪሎ ግራም ክብደት ስለሚበልጥ በድንገት መቁረጥ አይገባም፤ ለአንገቱም ለዓይናችንም መልካም አይደለም። ክሩ መልሶ የሚሠራ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለውን ጥምዝ ሳናቃና በተራው እናስቀምጠው። ለጥቂት ሰዓት ያለ ክር መቆየት አንገቱን አይጎዳውም። ለሳምንታት እንደተፈታ መተው ግን ተገቢ አይደለም፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ተቃራኒ ጉተታ አጥቶ ወደ ኋላ ሊያጎብጠው ይችላልና።

4ኛ. ፒክአፖቹን በወረቀት ፕላስተር እንሸፍን። ማግኔት ስላላቸው የብረት ሱፍ ብናኝን ይስባሉ፤ ብናኙም አንዴ ከገባ ለማውጣት ያስቸግራል።

5ኛ. መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን እንጥረግ። አቧራ በረጠበ ጨርቅ ሲታሽ ጭቃ ይሆናል።

6ኛ. ጨርቁን በውሃ ነክረን አጥብቀን እንጭመቀው፤ ሲጨብጡት ጠብታ መውጣት የለበትም። በሁለት ፍሬቶች መካከል ያለውን ክፍል ብቻ ጠርገን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እናድርቀው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንሂድ። ሰሌዳውን በሙሉ አርጥቦ መተው እንጨቱን ያሳብጣል፤ በፍሬቱ ሥር የገባ ውሃም ፍሬቱን ሊያላላው ይችላል።

7ኛ. በፍሬቱ ጥግ የቀረውን ቅርፊት በስቴኪኒ ወይም በፕላስቲክ ካርዱ ጠርዝ ቀስ ብለን እናንሣ። ቢላዋና ምላጭ አያስፈልጉም። በሮዝውድና በዞጲ ላይ እምቢ ያለውን ባለ አራት ዜሮ የብረት ሱፍ ይዘን በእንጨቱ መስመር፣ ማለትም በአንገቱ ርዝመት አቅጣጫ፣ በቀላሉ እንሽው። አግድም ማሸት ጭረት ይተዋል። ሽፋን ባለው ሜፕል ላይ ግን የብረት ሱፍ ከቶ አይነካም፤ አንጸባራቂውን ሽፋን ያደበዝዘዋልና ለእርሱ የረጠበ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

8ኛ. ፍሬቶቹ ከደበዘዙ በግራና በቀኝ ያለውን እንጨት በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን ብረቱን ብቻ በዚያው ደቃቅ የብረት ሱፍ ማብራት ይቻላል። ይህ ዝገቱንና ዳፈኑን ያነሣል፤ ቡርቡሩን ግን አይሞላም።

9ኛ. ብናኙን ሁሉ ጠርገን ፕላስተሩን ቀስ ብለን እናንሣ። ያልተቀባ እንጨት ሆኖ ደርቆ ከታየ ከዚህ በታች በምንገልጸው መንገድ ዘይት እንስጠው። ከዚያም ክሮቹን መልሰን ጥቂት ጥቂት እየጠበቅን እንቃኘው። ጊታሩ ካደረ በኋላ ቅኝቱ መለዋወጡ ስለማይቀር ማግስቱን እንደገና እንቃኘው።

፮. ስለ ዘይት

ዘይት የሚሰጠው ላልተቀባ እንጨት ብቻ ነው። በሜፕል ሽፋን ላይ የተቀባ ዘይት ወደ ውስጥ አይገባም፤ ላዩን አሟልጮ አቧራ ይሰበስባል።

የምግብ ዘይትና ቅቤ አይሆኑም። ሲቆዩ ይበላሻሉ፣ ይሸታሉ፣ ይጣበቃሉም። የተልባ ዘይት በእንጨት ሥራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ እየጠጠረ የሚሄድ ዘይት ስለሆነ በብዛት ከተቀባ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይተዋል። ከዚህም በላይ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ቢጣል ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጨርቁን ከመሣሪያ ክፍሉ ጥግ ሊወረውረው ስለሚችል አጥብቀን እናስታውሳለን፤ የተጠቀመበት ሰው ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ያድርቀው ወይም በውሃ ይንከረው።

በሱቅ «የሎሚ ዘይት» ተብሎ ለጊታር የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሽታ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ንጹሕ የፓራፊን ዘይት ያንኑ ሥራ ይሠራል። መጠኑ ለመላው ሰሌዳ ጥቂት ጠብታ ነው። በጨርቅ ላይ አድርገን በስሱ እናዳርሰው፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይተን የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አጥርተን እንጥረገው። ጣት ሲነካው ቅባት ከተሰማው በዝቷል ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

የወጡትን የፍሬት ጫፎች ዘይት አይመልሳቸውም። ጊታሩን ከፀሐይና ከሞቀ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርቆ በሽፋኑ ውስጥ ማኖር ይረዳል። በዝናብ ወራት ራሳቸው ገባ ሊሉም ይችላሉ። ጫፉ እጅ የሚያደማ ከሆነ ግን ልምድ ያለው ሰው በደቃቅ ሞረድ ያስተካክለው።

፯. ፍሬቱ ከተበላስ?

በመጀመሪያ ዝዝታው በእርግጥ ከፍሬቱ መሆኑን እናረጋግጥ። የአንገቱ ጉብጠትም ዝዝታን ያመጣል። መመርመሪያው እንዲህ ነው፤ ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭነን በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት እንመልከት። 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም አንድ የስም ካርድ የሚያሳልፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ክሩ ፈጽሞ ከተኛ ወይም ክፍተቱ ብዙ ከሆነ ጉዳዩ የአንገት ዘንግ እንጂ የፍሬት ላይሆን ይችላል። ዘንጉ በሩብ ዙር ወይም ከዚያ ባነሰ እየተሞከረ የሚስተካከል ስለሆነ የማያውቅ ሰው ቁልፍ ይዞ አይጠምዝዘው።

ቀጥሎም የካርድ ጠርዝ የመሰለ ቀጥ ያለ አጭር ነገር በሦስት ፍሬቶች ላይ እናቁም። ከተወዛወዘ መካከለኛው ከፍ ብሏል። ያን ፍሬት በጣት ስንጫነው ዝዝታው ከጠፋ ፍሬቱ ከቦታው ለቅቋል ማለት ነው፤ ይህም ማለት መልሶ ማስቀመጥ እንጂ መሞረድ አያስፈልገውም።

በእርግጥ ከተበላ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው መተው ነው። ቡርቡር ታይቶ ድምፁ ግን ንጹሕ ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ሁለተኛው ፍሬቶቹን ሁሉ በአንድ ደረጃ ሞርዶ ጀርባቸውን እንደገና ማጎበጥ ነው። አዲስ ፍሬት ከእንጨቱ በላይ የሚወጣው 1 ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥራ በመሣሪያው ዕድሜ ሊደገም የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው የተበሉትን ነቅሎ መተካት ነው። ሁሉንም መቀየር ግዴታ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወይም ስድስት ብቻ ቀይሮ ከቀሩት ጋር ማስተካከል የታወቀ አሠራር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለባለሙያ የሚተው ነው። መዘምራኑ ገንዘብ የሚያዋጡ ከሆነ ለዘይትና ለማብረቂያ ሳይሆን ለዚህ ቢያዋጡ እንመክራለን።

፰. ከሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች የምንማረው

በዲትሮይት ከተማ በሞታውን ሙዚቃ ቤት የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን (ከ1936 እስከ 1983) የ1962 ፕሪሲዥን ቤዝ ነበረው። ክሩ ጠፍጣፋ ጥቅል የሚባለው፣ ላዩ ለስላሳ የሆነው ዓይነት ነበር። ክሩ ካልተበጠሰ በቀር እንደማይቀይረው ይነገራል። ለስላሳ ክር ፍሬትን ብዙ አይበላም፤ ድምፁም ደብዘዝና ወፈር ያለ ነው።

ጃኮ ፓስቶሪየስ (ከ1951 እስከ 1987) ደግሞ በተቃራኒው ሻካራውን፣ ክብ ጥቅል የሚባለውን ክር ወደደ። ከዚህም ሌላ ፍሬቶቹ ከተነቀሉለት የ1962 ጃዝ ቤዝ ላይ ይጫወት ነበር። ሻካራው ክር ባዶውን እንጨት እንደሚበላው ስላወቀ ሰሌዳውን ለጀልባ በሚያገለግል ጠንካራ ኢፖክሲ ሸፈነው።

ሁለቱም የተለያየ ድምፅ ፈለጉ፤ ሁለቱም የክርና የሰሌዳ ጉዳይ አንድ ጉዳይ መሆኑን ያሳዩናል። ድምፁን ስንመርጥ የምንከፍለውንም እንመርጣለን። የመዘምራኑ ቤዝ ፍሬት እየሳሳ ከሄደ ወደ ለስላሳ ክር መመለስ አንዱ የማዳኛ መንገድ ነው። ሌላው ምንም ወጪ የለውም፤ ክሩን ድምፁ እስኪጠራ ብቻ መጫን ነው። ከዚያ አልፎ በኃይል መጫን ድምፅ አይጨምርም፤ ብረቱን ግን ይበላል።

፱. የጋራ ዕቃ የጋራ ሥርዐት ይፈልጋል

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ከላይ የዘረዘርነው ትልቁ ጽዳት እጅግ አልፎ አልፎ እንዲያስፈልግ የሚያደርገው ትንሹ የየቀኑ ሥራ ነው። ይኸውም ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብ፣ ከተጫወቱ በኋላ ክሩንና ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም ወደ ሽፋኑ መመለስ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጨርቁ ግን በጊታሩ ሽፋን ኪስ ውስጥ ካልተቀመጠ በቀር ማንም ፈልጎ አያመጣውም።

ከዚህ በተጨማሪ በሽፋኑ ኪስ አንድ ካርድ እንዲኖር እናሳስባለን። በካርዱ ላይ የሰሌዳው እንጨት ዓይነት፣ ክሩ የተቀየረበት ቀን፣ ዘይት የተሰጠበት ቀን፣ የተነካው ፍሬትና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ዘይት ቢሰጡት ጊታሩ አራት ጊዜ ተቀብቷል፤ እያንዳንዳቸው ግን በልክ እንደሰጡ ያስባሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ወር አንድ ኃላፊ ተመድቦ ካርዱን ቢፈርምበት ይህ አይደርስም።

በመጨረሻ፣ ያረጀውን ቤዝ አዲስ ማስመሰል የሥራችን ግብ እንዳልሆነ እንስማማ። ከእኛ በፊት የተጫወቱት እጆች በእንጨቱ ላይ የተዉት ጎድጓዳ ድምፁን ካልጎዳ ይቆይ። እኛ የምንረከበው ያልቆሸሸና በቦታው የሚቃኝ መሣሪያ ነው፤ የምናስረክበውም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ዛሬ ሞርደን የጣልነውን ብረት፣ ፍቀን ያነሣነውን እንጨት፣ የሚቀጥለው ዓመት ጀማሪ ከየትም አያመጣውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመዘምራናችሁ ቤዝ ጊታር ፍሬት ቦርድ ከየትኛው እንጨት ነው? በምን አወቃችሁ?

2. በረጠበ ጨርቅ የማይለቅ ጥቁረት ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ አታደርጉም?

3. የፍሬት ጫፍ በበጋ የሚወጣው ለምንድን ነው? ዘይት ለምን አይመልሰውም?

4. በውጭ መምሪያ «ናፍታ» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አገር ናፍታ ከምንለው በምን ይለያል?

5. በቡድናችሁ የጊታሩ ኃላፊ ማን ነው? ካልተመደበ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት።